ባዶ ሲሆን የሚጮኸው ጉድጓድ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ወደ ደብዳቤው ከመግባቴ በፊት አንዲት ኀፍረቴን ላዋያችሁ። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ዓምድ «ጨዋው መንገዳችን» የሚል ጽሑፍ አስነብቤያችሁ ነበር። ታስታውሱ እንደሆነ፣ በሰፈራችን የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የተሰቀለውን የፍሳሽ ከፍታ መለኪያ ሴንሰር አድንቄ አድንቄ አልጠገብኩም፤ የምስጋና ንግግር ባደረግሁበት ዕለት እንባ እንባ እንዳለኝ ሳይቀር ጽፌላችኋለሁ። አዎ፣ ለፍሳሽ ጉድጓድ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ከፍሳሽ አገልግሎቱ ዋና ዳይሬክተር ጋር የጉድጓዱ ክዳን ላይ ቆመን የተነሳነውን ፎቶ በመስታወት አስገብቼ፣ ምድር ቤት ባለው በታናሽ እህቴ የልብስ ስፌት ቤት ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትም እኔው ነኝ። ያ ፎቶ ባለፈው ወር በጀርባው ተኝቶ ሲንሳፈፍ ተገኘ። በምን ላይ እንደተንሳፈፈ ከዚህ በታች ለዳይሬክተሩ በትሕትና አስረድቻለሁ። ደብዳቤው የእሳቸው ነው፤ እናንተ ግን በትከሻዬ በኩል አጮልቃችሁ አንብቡ።

ለተከበሩ የከተማችን ፍሳሽ አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በሽልማቱ ዕለት ተጫምተዋቸው የመጡት ነጭ ጫማዎችም እንደምን ሰንብተዋል? ያን ቀን ክዳኑ ላይ ቆመው ስለ ንጽሕና ሲናገሩ ጫማዎችዎ እንደ ወረቀት ይነጡ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልጠፉም። ደብዳቤዬ ትንሽ ቢረዝምብዎ አይቀየሙኝ። ለመሥሪያ ቤትዎ በአጭሩ የጻፍኩት ማመልከቻ መልስ ስላላገኘ፣ ምናልባት ርዝመቱ አንሶ ይሆናል ብዬ ነው።

ቅሬታ ማለት ከበደኝ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ።

ሴንሰሩ ክዳኑ ሥር በተሰቀለ ማግስት፣ በመሥሪያ ቤትዎ እንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን የእኛ ጉድጓድ በቀይ ሲያበራ ታየ። የውሃው ከፍታ 210 ሳንቲሜትር፣ ሊሞላ ምንም አልቀረው። መኪናዎ ወዲያው ከተፍ አለ። ሠራተኞችዎ ክዳኑን ከፈቱ፣ ወደ ውስጥ አዩ፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቱቦውን በኃይለኛ ውሃ አጠቡና ክዳኑን መልሰው ሄዱ። በማግስቱም ስክሪኑ ቀይ ነው። እንዲህ እያሉ በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ መጡ። እኛ የሰፈሩ ሰዎች፣ ሞኝነታችንን ይቅር ይበሉንና፣ ከመካከላችን የትልቅ ሰው ዘመድ ያለ መስሎን እርስ በርስ ስንጠራጠር ከረምን። ጥርጣሬው የበረታው ፋርማሲስቷ ላይ ነበር፤ እሷም ደስ ስላላት አላስተባበለችም።

ክቡርነትዎ፣ ሠራተኞችዎ አሥራ አንድ ጊዜ አጎንብሰው ምን እንዳዩ ነግረውዎት ይሆን? ምንም ነው ያዩት። ከጉድጓዱ ወለል ላይ አንድ ስንዝር የማትሞላ ፍሳሽ፣ ለማንም ክፉ ሳታስብ፣ በሰላም መንገዷን ስትሄድ ነው ያዩት። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ቢሉኝ፣ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው። የሚሞሉት ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ አለ፤ አንዱ «ተጠርጓል»፣ ሌላው «አልተጠረገም»። «ስንደርስ ባዶ ነበር» የሚል ሳጥን የለም። የመኪናው ኃላፊም ሐቀኛ ሰው ስለሆነ አሥራ አንዴም «ተጠርጓል» ላይ ምልክት አደረገ። ውሸት አልተናገረም፤ ንጹሑን ነገር በእውነት ጠርጎታል። ቅጹን ላዘጋጁት ክቡራን ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

2ኛ፤ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ።

አሥራ አንድ ጊዜ ታጥቦ ቀዩ አልለቅ ሲል፣ መሥሪያ ቤትዎ ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ደረሰበት። ቆሻሻ የምንጥል ሰዎች ተባልን። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስባችሁን፣ በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ፣ ወደ መጸዳጃ ምን እንደማይጣል ሦስት ሰዓት ሙሉ ተማርን። ጨርቅ አይጣልም፣ ዘይት አይደፋም፣ ፀጉር አይጣልም። ታናሽ እህቴ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር። የሙሽራ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ጉዳዩ አሳስቧት፣ እጇን አውጥታ «ክርስ? እንዲያው ትንሽ ክርስ?» ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙም ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ክርም ቢሆን!» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷና አብረዋት የሚሠሩት አምስት ሴቶች ወገባቸው ላይ ትንሽ ትንሽ ከረጢት አስረው፣ ቁራጭ ክር ሁሉ ይለቅሙበታል። ጥርሷን ለማጽዳት ክር ስትጠቀም እንኳ ከረጢቷን ስትፈልግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥልጠናው በተጠናቀቀ በሁለት ሳምንቱ ተአምር ሆነ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከ210 ወደ 180፣ ከ180 ወደ 150፣ እያለ እያለ 120 ደረሰና አረንጓዴ ሆነ። እርስዎም በነጭ ጫማዎ መጥተው «አርአያ መንገድ» የሚል የምስክር ወረቀት፣ ለእያንዳንዳችንም እርስዎ የፈረሙበት የሥልጠና ምስክር ወረቀት ሰጡን። በንግግርዎ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ማለትዎን፣ ያን ቀን በያዝኩት ማስታወሻ ላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «እኛም ከራሳችን ነው የጀመርነው። ከእናንተው ጋር በአንድ ቀን ሴንሰር የተሰቀለበት የመሥሪያ ቤታችን በር ጉድጓድም ቀይ ነበር። ሠራተኞቻችንን አሠለጠንን፤ ይኸው እሱም መውረድ ጀምሯል።» አጨበጨብን። እኔም ተነስቼ አመሰገንኩ፣ የቀረውን አንባቢዎቼ ያውቁታል። እባክዎ ይህችን ስለ በርዎ የተናገሯትን ነገር አይርሷት፤ በኋላ ስለምንገናኝባት ነው።

3ኛ፤ ስልክ ስለምታነሱ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በእህቴ ስፌት ቤት ወለል ላይ ያለችው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መጀመሪያ ተንቋቋች፣ ቀጥሎ ተፋች። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሰፈሩ ሁሉ ፍሳሽ ጉልበት ደረሰ። ሦስት የሙሽራ ልብስ ከነቬሎው ጠለቀ። ከሦስቱ አንዷ፣ እህቴ ሰባት ሳምንት ሙሉ ጨሌ በጨሌ የጠለፈቻት ናት። እህቴ ውሃው ውስጥ ቆማ መቆጣጠሪያ ክፍልዎ ደወለች፤ ስልኩ በሁለተኛው ጥሪ ተነሳ፣ ይህን እመሰክራለሁ።

ስልኩን ያነሳችው ባለሙያ በጣም ጨዋ ሴት ነበረች። «እህቴ፣ የእናንተ መስመር እኮ ባዶ ነው ማለት ይቻላል» አለቻት፤ «60 ሳንቲሜትር ነው የሚያሳየኝ። እንዲያውም ከተማው ውስጥ እንደ እናንተ የሚያምር የለም።»

እህቴም «እኔ ግን ውስጡ ቆሜያለሁ» አለች።

«ይገባኛል የኔ እመቤት፤ ስክሪኑ ላይ ግን አልቆሙም።»

በዚህ መካከል በሳምንቱ ልታገባ የነበረችው ሙሽራ ልብሷን ልትለካ መጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። እኛ ታለቅሳለች ብለን ስንጠብቅ ጫማዋን አወለቀች፣ ሱሪዋን ጠቀለለች፣ ወርዳ የመጀመሪያውን የስፌት መኪና በአንድ በኩል ያዘች። ሰባት መኪና ከእህቴ ልጆች ጋር አወጣች። (ልጆች የምላቸው አብረዋት የሚሠሩትን ነው፤ እሷም እንዲያ ነው የምትጠራቸው።) የእርስዎና የእኔ ፎቶ የወደቀው ያን ጊዜ ነው። መኪና ሲያሳልፉ በትከሻቸው ነኩት፣ ወደቀ፣ ተንሳፈፈ። እርስዎ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

4ኛ፤ ስለ ፊርማዎ አመሰግናለሁ።

ሰኞ ዕለት ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንደኛው ታብሌት ይዟል፣ ሁለተኛው አፍንጫውን። ደረጃውን አልወረዱም። ከደረጃው አፍ እስከ ጉድጓዱ ክዳን አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ እህቴ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስለምትለካው እርግጠኛ ነኝ። ያን አሥራ ሁለት እርምጃም አልሄዱም። ታብሌቱን አዩ፣ የውጩ መስመር 60 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ፍሳሹ ከውጭ ሊመጣ አይችልም አሉ፤ ስለዚህ ከውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጨርቅና ክር ጥላ የዘጋችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት። እዚያው በሩን አሸጉት። የማሸጊያው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ፣ ከላይ ወደ ታች የተጠማዘዘ ውብ ፊርማ ነው። እህቴ ከቦርሳዋ የሥልጠናውን የምስክር ወረቀት አወጣችና ጎን ለጎን አስጠጋችው። አንድ ነው። በአንዱ ክር እንደማትጥል መሰከሩላት፣ በሌላው ክር ጥላለች ብለው አሸጉባት፤ ፊርማዎ በሁለቱም እኩል ያማረ ነው።

በማግስቱ መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጥታ በኮሪደር ላይ አግኝታዎት ነበር። አላስታውሳትም ካሉ አልፈርድብዎትም፤ አላቆሙላትምና። እየሄዱ «እህቴ፣ ማሽን አይዋሽም» አሏት። እባክዎ ይህችንም አይርሷት። ለማንኛውም ቅሬታ ካላት በጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ፣ ለመዝገብ ቤት እንድታስገባና በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንድትጠብቅ ጸሐፊዎ ነገሯት። አስገባች። አሥራ አምስቱ ቀን አልፎ የመጣው መልስ የስብሰባ ጥሪ ነው፤ የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስድስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በእርስዎ ሰብሳቢነት ተቀምጦ ስፌት ቤቷ ለዘለቄታው እንዲዘጋ ይወስናል።

ክቡርነትዎ፣ እህቴ አታለቅስም። ስትናደድ ስፌት ትፈታለች። ይኸው ከታሸገባት ጊዜ ጀምሮ እኔ ቤት ሆና የመጋረጃዎቼን ጠርዝ ፈታች፣ የሶፋ ልብሴን ፈታች፣ ባለፈው እሑድ ደግሞ የካፖርቴን ገበር ስትፈታ አገኘኋት። አሥራ ስምንት ዓመት በመርፌዋ ያቆመችው ቤት ነው፤ አምስት ሴቶች አሉበት፤ ሌላ ሙያ የላቸውም፣ እሷም የላትም። እኔም ከእንግዲህ የሚፈታ ነገር አልቀረኝም።

5ኛ፤ የእንግዳ መቀበያዎ ወንበሮች እግራቸው ይንገዳገዳል። ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ግን አሥራ አራት ቀን ስለተቀመጥኩባቸው ብነግርዎ ብዬ ነው።

6ኛ፤ በመጨረሻም፣ ጋሼ ዘንግን ጡረታ ስላወጡልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ጋሼ ዘንግ የምንላቸው ጎረቤታችን ሠላሳ ዓመት የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው በየጉድጓዱ ረጅም ዘንግ አስገብቶ የፍሳሹን ከፍታ መለካት ነው፤ ዘንጉ ላይ ያሉት መስመሮች በባለቤታቸው ቀይ የጥፍር ቀለም የተሠመሩ ናቸው። ሴንሰሩ በመጣ በሳምንቱ «ዘንግ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ተብለው በአበባ ተሸኙ። ከዚያ ወዲህ አኩርፈው በመሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ አላለፉም፣ ስክሪኑንም አላዩትም፤ ባያኮርፉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ። እህቴ ስትታሸግ ግን ዘንጋቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ።

እንዲህ ተከፋፈልን። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክዳናችንን ከፍተው በዘንግ ይለካሉ፤ እኔ በዚያው ሰዓት በሚንገዳገደው ወንበርዎ ላይ ተቀምጬ የስክሪኑን ቁጥር እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዘንጉ 165፣ ስክሪኑ 65። ሁለተኛው ቀን ዘንጉ 171፣ ስክሪኑ 59። ሦስተኛው ቀን 158 እና 72። ዘንጉ ከፍ ሲል ስክሪኑ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ዝቅ ሲል ስክሪኑ ከፍ። በአራተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤትዎ ስመለስ፣ ክዳኑ አጠገብ የጠበቁኝ ጋሼ ዘንግ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው «ደምሪያቸው እስቲ» አሉኝ። ደመርኩ። 230። የትናንቱን ደመርኩ፤ 230። የአሥራ አራቱም ቀን ድምር 230 ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት ስንት ነው? ብዬ ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ክዳኑን ገጠሙት።

ያው እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ በአጭሩ ላስረዳዎ። ሴንሰርዎ ክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይዞ ከራሱ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ይናገራል። ርቀቱን እንጂ የውሃውን ከፍታ አያውቅም። ከፍታውን ለማወቅ አንድ ሰው የጉድጓዱን ጥልቀት ሊሞላለት ይገባል፤ ያኔ ሴንሰሩ ከጥልቀቱ ላይ ርቀቱን ይቀንሳል፤ ካልተሞላለት ርቀቱን ራሱን ከፍታ ነው ብሎ ያሳያል። ሴንሰሩ በተሰቀለበት ቀን ጋሼ ዘንግ እዚያው ነበሩ። ቴክኒሻኑ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ሲላቸው «ሁለት ከሠላሳ» ብለውታል። ነገር ግን ሪባኑ ተወጥሯል፣ መቀሱ ሳህን ላይ ነው፣ እርስዎም ሰዓትዎን ያያሉ፤ ቴክኒሻኑ «በኋላ እሞላዋለሁ» ብሎ ወደ ሁለተኛው ምርቃት፣ ወደ መሥሪያ ቤትዎ በር ሮጠ። የቀሩት የከተማው ሴንሰሮች ቆየት ብለው፣ ያለ ሪባንና ያለ ጭብጨባ ስለተሰቀሉ በደንብ ተሞልተዋል። ያልተሞሉት ሁለቱ፣ እርስዎ የመረቋቸው ናቸው።

ስለዚህ ጉድጓዳችን ባዶ ሲሆን ይጮሃል፣ ሲሞላ ደስ ይለዋል። አሥራ አንድ ጊዜ ያጠባችሁት ንጹሕ ቱቦ ነው። ሥልጠናው ፍሬ ያፈራው ቱቦው መደፈን በጀመረበት ሳምንት ነው። የምስክር ወረቀቱን የሰጡን፣ ከነጭ ጫማዎ ሥር ፍሳሹ አንድ ሜትር ከአሥር ደርሶ ሽቅብ እየመጣ ሳለ ነው። እኔም ያለቀስኩት ለዚያ ነው።

ምን ደፈነው? ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ጋሼ ዘንግ ዘንጋቸው ጫፍ ላይ ቆልማማ ብረት አስረው ታች ያለውን ነገር ያዙት፤ እሳቸው፣ አምስቱ ልብስ ሰፊዎች፣ ፋርማሲስቷና እኔ በገመድ ጎተትን። እህቴ ዳር ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ታያለች፤ ጨርቅ ቢወጣ አለቀላት። ጎተትን፣ ተንሸራተትን፣ ፋርማሲስቷ ተቀመጠች፣ እንደገና ጎተትን። የወጣው፣ ሥራ ሲሠራ መኪና እንዳያልፍ መንገድ ላይ የሚተከለው ብርቱካንማ የፕላስቲክ ኮን ነው። ጎኑ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም አለበት። ጉድጓዱ አንዴ አገሳና ፍሳሹን ጠጣው፤ በዐሥር ደቂቃ ዘንጉ 20 ላይ ወረደ።

በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ውስጥ የድንገተኛ መኪናዎ እየጮኸ ደረሰ። አዎ ክቡርነትዎ፣ ከወር በላይ ፍሳሽ ውስጥ ስንኖር ያልመጣው መኪና፣ ጉድጓዳችን በዳነ ጊዜ «210 ሳንቲሜትር፣ ከባድ ሙሌት» ተብሎ በሳይረን መጣ። ኃላፊው ወርዶ ወደ ባዶው ጉድጓድ አጎነበሰ፣ ቅጹን አወጣ፣ «ተጠርጓል» ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ኮኑን አየና ፊቱ በራ። «ውይ! የእኛ እኮ ነው! ሁለት ነበር የጠፋብን፤ እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ባጠብንበት ቀን ነው፤ ከእናንተ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱን በር ነበር የሠራነው» አለ። እንድንመልስለት ለመነን። እኔም በትሕትና፣ በጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ እንዲያመለክት ነገርኩት። ኮኑ አሁን ዝግጅት ክፍላችን በር ላይ ቆሟል፤ ታጥቧል፤ የሚጎበኘው ሰው በዝቶ መንገድ ዘግቷል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት ሁለት ትናንሽ ነገር ነው። ለሴንሰሩ 230 የምትል ቁጥር ይሙሉለት። በእህቴ በር ላይ ያለችውን ወረቀት ይላጡ። ሁለቱም አንድ ደቂቃ አይፈጁም፤ የጥፍር ቀለም እንኳ ለመድረቅ ከዚያ ይበልጥ ይፈልጋል።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ልክ እንደ ስክሪንዎ ቁጥር በየቀኑ እየተለወጠ መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ዕድሜ ከጤና፣ ጤና ከደረቅ ወለል ጋር እመኝልዎታለሁ።

የአርአያው መንገድ ነዋሪ፣
የታሸገው ስፌት ቤት ባለቤት ታላቅ እህት፣
በፎቶው ላይ ከቀኝዎ ቆማ የምትስቀው ሴት

ማሳሰቢያ፦ ልረሳው ነበር። ስለ መሥሪያ ቤትዎ በር ጉድጓድ የተናገሩትን አስበን፣ ጋሼ ዘንግ ኩርፊያቸውን ዋጥ አድርገው ትናንት ዓርብ ደጃፍዎ መጡ። የጥበቃው ሠራተኛ የድሮ ወዳጃቸው ስለሆኑ ክዳኑን ከፈቱላቸው። ዘንጉ 177 አለ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ ስክሪኑን አየሁ፤ 83፣ አረንጓዴ፣ ከሥሩም ለሠራተኞች የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት ይሽከረከራል። ሁለቱን ይደምሯቸው። የጉድጓድዎ ጥልቀት 260 መሆኑን ጋሼ ዘንግ በቃላቸው ያውቁታል። ቁጥሩ በቀን አራት ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። የመሥሪያ ቤትዎ ምድር ቤት ማፍሰሻ ቀዳዳ የምትተፋው፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ስክሪኑ ከ70 ሲያንስ ነው፤ ይኸውም በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ መሆኑ ነው።

እንደ ደንቡ ይህንን በጽሑፍ፣ በሦስት ቅጂ ለመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፤ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይደርስዎታል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ቢሯቸው ምድር ቤት ስለሆነ፣ ማመልከቻዬን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ወይ ጉድ» አሉና፣ መዝገቦቹን ሁሉ ከነመቀየሪያ ጫማቸው ወደ ሁለተኛ ፎቅ አወጡ። የእህቴ ማመልከቻም አብሮ ወጥቷል፤ አይስጉ።

ምድር ቤት የቀረው አዳራሹ ብቻ ነው። የማክሰኞው ኮሚቴ የሚቀመጥበት አዳራሽ፣ ባለ ነጭ ምንጣፉ። ስብሰባውን ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያዛውሩት ይችላሉ፤ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን አረንጓዴውን ቁጥር ሸሽተው ደረጃ የወጡ ዕለት ሴንሰሩን አላመኑትም ማለት ነውና፣ በዚያው ሴንሰር ቃል የታሸገችውን የእህቴን በር እዚያው ቆመው ይከፍታሉ። ካላዛወሩት ደግሞ ማሽን አይዋሽም፤ ይውረዱና በወንበርዎ ይቀመጡ፣ እግርዎንም ዘርጋ ያድርጉ። እህቴ ጥሪ ስለደረሳት ትመጣለች፤ አምስቱ ሴቶችም፣ ሙሽራዋም ከባሏ ጋር፣ ጋሼ ዘንግም ከነዘንጋቸው። ሁላችንም ቦቲ ጫማ እንጫማለን።

እናንተ በትከሻዬ ያነበባችሁ ወዳጆቼ፣ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ደረጃው አፍ ላይ ነኝ፤ ወደ ላይ ወጡ ወይስ ወደ ታች ወረዱ፣ የጫማቸውም ቀለም ስንት ሰዓት ድረስ ነጭ እንደነበር፣ አንዱንም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ።